ከግሬንጅ ሂል ጨዋታ በፊት

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

እኔ ጸዮን፣ የቶሮንቶዋ ዌስተን ነዋሪ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሰማይና በምድር ፊት እናዘዛለሁ። የጋሼ ሰብስቤ ሊሞዚን ኋላ ላይ የግሬንጅ ሂል ኮሌጅን ስቲከር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ኃጢአቴ ይህ ብቻ ባይሆንም ለዛሬ ይበቃል።

ጋሼ ሰብስቤ ከኤርፖርት መንገደኛ ያመላልሳሉ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የጠላትን አርማ ተሸክመው ከተማውን ዞሩበት። ጎረቤታችን እትዬ ኤልፍነሽ ፓርኪንጉ ውስጥ ባያዩት ኖሮ እስከ ገና ይዘልቁ ነበር። ስቲከሩን በመኪና ቁልፍ ሲፍቁ በረንዳ ላይ ቆሜ አየኋቸው።

«የዘውዴ ሥራ ነው!» አሉ። «ቆይ፣ ሜዳ ላይ እንገናኛለን!»

«እርስዎም ሊጫወቱ ነው እንዴ?» አልኳቸው ከላይ።

«አንቺ ቀበጥ! ወንድምሽ አለልኝ!»

ጋሼ ዘውዴ ኢቶቢኮ የሚባል ሌላ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ፍራኦል ለግሬንጅ ሂል ይጫወታል፤ የኔ ወንድም ታዴዎስ ደግሞ ለብላክ ክሪክ። ሁለቱም ስማቸውን ለቶሮንቶ ሰው ብትነግሩት የፋርማሲ ስም የሚመስሉት ትንንሽ ኮሌጆች ናቸው። ግን አንድ ምድብ ውስጥ ናቸው፣ በየዓመቱ ይገናኛሉ፣ በየዓመቱም እንሸነፋለን። ሁለቱ ጋሼዎች በኮሚኒቲው ምርጫ ከተጣሉ ወዲህ ሰላም አይባባሉም ነበር። ልጆቹ ፉትቦል ሲጀምሩ ጠባቸው የሚዋጋለት ወታደር አገኘ።

ፉትቦል ስል ያንን ኳሱ እንደ እንቁላል የሞላላውን፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን ነው። ጋሼ ሰብስቤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የመስመር ዳኛ ነበሩ፤ ስለዚህ ምንም ነገር በተፈጠረ ቁጥር «ኦፍሳይድ!» ይላሉ። አምና አንድ ቀን እሳቸው ሲጮኹ ዳኛውም የምሩን ኦፍሳይድ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ የሚመክራቸው ጠፋ። አሁን «የብላክ ክሪክ ደጋፊዎች ማኅበር፣ የዌስተን ቅርንጫፍ» ሊቀ መንበር ናቸው። ሌላ ቅርንጫፍ የለም።

ጨዋታው ኦክቶበር 25 ነው። መፈክር እንድጽፍ ታዝዤ ጽፌያለሁ፦

ያዙት ያዙት ቢሉ ማን ችሎ ሊይዘው፣
ታዴዎስ ሲነሣ ሜዳው ነው የሚያንሰው።

እትዬ ኤልፍነሽ አልቅሰዋል። እሳቸው በማስታወቂያም ያለቅሳሉ።

በአማርኛ የምጽፈው ታዲ ፊደል ስለማያነብ ነው። እማዬ ታነባለች፤ የእኔን የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን ገና አልተወለደም።

ሴፕቴምበር 20፣ ቅዳሜ

አሸነፍን። ከግሬንጅ ሂል ጋር አይደለም፣ ከሌላ ኮሌጅ ጋር። ቢሆንም አሸነፍን።

ታዲ ኳሱን ይዞ ሲሮጥ ሁለት ግዙፍ ልጆች ከፊትና ከጎን መቱት። ጭንቅላቱ መሬቱን ሲነካ እኛ ያለንበት ድረስ ተሰማ። ትንሽ ተኛ። ከዚያ ተነሣ፣ ቀጥ ብሎ ሄደና የባላጋራዎቹ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ነበር።

ሕዝባችን በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ሰብስቤ ተነሥተው አጨበጨቡ። «አያችሁልኝ ድፍረቱን! ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ ሲያስፈራራቸው!» እትዬ ኤልፍነሽ እልል አሉ። ጀላል ነው ሮጦ ትከሻውን ይዞ ወደ እኛ ያዞረው። ጀላል እኛ ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ከታዲ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ያደገ፣ እዚያው ቡድን ውስጥ የሚጫወት ነው። እሱ አልሳቀም። ጉዳተኞችን የምታክመው የቡድኑ ቴራፒስት ግሬስ ደግሞ ከወዲያ ጫፍ የአንዱን ልጅ ጣት እያሰረች ስለነበር አላየችም።

እኔ ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ሴፕቴምበር 21

ታዲ ሌሊቱን አስመለሰው። ጠዋትም።

እማዬ፦ «የኤልፍነሽ እልልታ ነው። ዓይን ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ባቡሩ በመስኮታችን ሥር ሲያልፍ ትራስ ጆሮው ላይ አደረገ። እዚህ ቤት ከገባን ጀምሮ ባቡሩን የሚወድ እሱ ነበር።

ሴፕቴምበር 28፣ እሑድ

ትናንት ለመስቀል ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ታዲ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። ጋሼ ሰብስቤ ሲያዩት እጃቸውን ዘረጉ፦ «ኮከብ! እንግዲህ ከእኛ ጋር ፎቶ አትነሣም በለና!» ስድስት ሽማግሌ ተራ በተራ አቅፎት ተነሣ። ፍላሽ በበራ ቁጥር ታዲ ጥርሱን ነከሰ፤ እነሱ ፈገግታ መሰላቸው። ደመራው ሲለኮስ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ።

በኋላ እማዬ ጸበል ልታስጠምቀው አባ ጋ ወሰደችው። አባ ዓይኑን ትኩር ብለው አዩት።

«ራሱን ነው የሚያመው?»

«አዎ አባ፣ ትንሽ።»

«ጸበሉን ይጠመቅ። ሐኪምስ አይቶታል?»

«አይቶታል አባ» አለች እማዬ። በቤተ ክርስቲያን! ለቄስ! በመስቀል በዓል! ቀና ብዬ አየኋት፤ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ቁንጥጫው ዛሬም አለ፣ አረንጓዴ ሆኗል። እኔ በዐቢይ ጾም አንድ ዶናት ስበላ ተይዤ ሦስት ቀን የተሰበከልኝ ልጅ ነኝ።

ኦክቶበር 3፣ ዓርብ

ግሬስ እማዬ ስልክ ላይ ደወለች። የታዲ የአደጋ ጊዜ ተጠሪ እማዬ ናት። እማዬ ወጥ ቤት ነበረች፤ ስልኩ ሶፋው ላይ፣ እኔና ታዲም ሶፋው ላይ።

«አንቺ አንሺው» አለኝ ታዲ። «እሷን ሁኚ። ፕሊስ፣ ጺ። ከግሬንጅ ሂል በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።»

እኔ ድምፁን መምሰል የማልችለው ሽማግሌ የለም። የጋሼ ሰብስቤን ሳል እችላለሁ፣ የእትዬ ኤልፍነሽን ልቅሶ እችላለሁ። እማዬ ደግሞ ዋና ትርኢቴ ናት። አነሣሁት።

«ሄሎው! ዬስ! ማይ ሰን ኢዝ ቬሪ ጉድ! ኢት ቬሪ ዌል፣ ስሊፕ ቬሪ ዌል፣ ታንክ ጋድ!» ግሬስ ስለ ራስ ምታት ጠየቀች። «ኖ፣ ኖ ሄዴክ! ሂ ኢዝ ስትሮንግ ቦይ! ዩ ኢት? ከም ቱ ማይ ሀውስ፣ ኢት!»

ግሬስ ሳቀች፤ አመሰገነች፤ ዘጋች። ታዲ መሬት ላይ ወድቆ ሲስቅ ድንገት ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘና ዝም አለ።

ጥሩ ትርኢት ነበር። ጥሩ ነበር ብዬ ነው የማስበው።

ኦክቶበር 8

ችኮላ ላይ ነኝ፣ ባሱ እየመጣ ነው።

ታዲ ሻዩ ውስጥ ጨው ጨመረ። ጠጣው። ምንም አላለም።

ሰሞኑን «ጺ» ብሎኝ አያውቅም። «ልጅቷ» ነው የሚለኝ። ትናንት ደግሞ «ሜሮን፣ ሪሞቱን አቀብዪኝ» አለኝ። ሜሮን የአክስታችን ልጅ ናት፤ እኛ ጋ ትኖር ነበር፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ካልጋሪ ገባች። አቀበልኩት። እያሾፈ ነው። እኔ ያስተማርኩት ነው።

ኦክቶበር 13፣ ታንክስጊቪንግ

ጥላው ደረሰ።

ጥላ ስል የዝናብ አይደለም። ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ፣ ታቦት ሲወጣ ካህናት የሚይዙት። እማዬ ተስላ ነበር፦ ታዲ ከግሬንጅ ሂል ጋር ተጫውቶ በሰላም ከወጣልኝ ለቤተ ክርስቲያኑ ጥላ አገባለሁ ብላ። ሌላው ሰው ተአምሩን አይቶ ነው ስለቱን የሚያገባ። እናቴ ተአምሩ ሳይደርስ ጥላውን ከአዲስ አበባ በሰው ሻንጣ አስመጣችው። አሁን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሽንት ቤት በሄድኩ ቁጥር ሰው መስሎኝ እደነግጣለሁ። ስለት በልብ ነው የሚያዘው፤ ይኼኛውን ግን እትዬ ኤልፍነሽ አንዴ ስለሰሙት ዌስተን በሙሉ ያውቀዋል።

ከሰዓት ጀላል ደረጃው ላይ ጠበቀኝ።

«ሲሪየስ ነገር ላወራሽ ነው።»

«አንተ ስትወለድም ሲሪየስ ነበርክ።»

«ጸዮን፣ ስቶፕ። ታዲ ኮንከሽን ነው ያለበት፣ አንጎሉ ተጎድቷል። ፕራክቲስ ላይ የሚሮጥበት ጠፍቶት ቆሞ አየሁት። ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ ጭንቅላቱ ውስጥ ያብጣል። ሊሞት ይችላል። የሴዝኑ መጀመሪያ ላይ ቪዲዮ አሳይተውናል፤ የሞተው ልጅ በእኛ ዕድሜ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ወላሂ አልናገርም ብዬለታለሁ። እስከ ግሬንጅ ሂል ድረስ።» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አንቺ ግን አላልሽም።»

የታንክስጊቪንግ ዶሮ በልተን ስናበቃ ለእማዬ ነገርኳት። ሁሉንም፤ ከስልኩ በቀር።

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማሻል!» አለችኝ። ያለነው እኔና እሷ ነን። «የኢቶቢኮ ሰዎች ይስሙና ደስ ይበላቸው? ዓይን ነው ብዬሻለሁ።»

«እማዬ፣ ዓይን አይደለም፣ መሬት ነው የመታው። እኔ አይቻለሁ።»

«ተስያለሁ እኮ፣ ጸዮን። ተጫውቶ በሰላም ከወጣ ብዬ ነው የተሳልኩት። ካልተጫወተ እግዜር ከምን ነው የሚያወጣልኝ? ቃሌን ልብላው?»

ቀጥላ ሳህን አጠበች። ንጹሑን ሳህን ደግማ አጠበች።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ጋሼ ሰብስቤ በስፒከር ለጋሼ ዘውዴ ደወሉ። ከምርጫው ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። የደወሉት ለመሳደብ ነው፤ ግን ደወሉ። የተሸነፈው ወገን ሊቀ መንበር ድንጋይ ተሸክሞ አሸናፊውን ይቅርታ ሊጠይቅ ተስማሙ። ቶሮንቶ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ጋሼ ሰብስቤ የአትክልት ዕቃ ከሚሸጥበት ገዝተው መጡ፦ ግራጫ፣ ለስላሳ፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሣለት። «ለዘውዴ ትከሻ እንዳይጎረብጠው አስቤለት ነው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ ሲበታተኑ ጠበቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ታዲ ታሟል። መጫወት የለበትም።»

ዓይናቸውን አጥብበው አዩኝ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺ! ባለፈው ጨዋታው ተሰርዟል ብለሽ ኤርፖርት መንገደኛዬን ጥዬ መጥቼልሻለሁ! ደግሞ ዛሬ!»

«ጋሼ፣ የምሬን ነው።»

«ያኔም የምሬን ነው ብለሽኛል።»

ብዬአቸው ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ ጣል አድርገው ሄዱ። ስለ ስቲከሩም ልነግራቸው አስቤ ነበር፣ አንዱን ሲያምኑ ሌላውን ያምናሉ ብዬ። አፌ አልታዘዘልኝም።

ኦክቶበር 22

ለግሬስ ደወልኩላት። በራሴ ድምፅ። ምን ያህል ጊዜ ነው በራሴ ድምፅ ያላወራሁት?

ታዲ ያስመልሰዋል፣ ብርሃን አይችልም፣ ይረሳል አልኳት።

«ግን እናትሽን እኮ አነጋግሬያታለሁ» አለችኝ። «ደህና ነው አለችኝ። ቤቷ እንድበላ ሁሉ ጋበዘችኝ። በጣም ደስ የምትል ሴት ናት።»

እዚህ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ። በቃ። ይህን ብል ታዲ ዋሽቶ እንዳስዋሸኝ ይታወቃል፣ ከቡድኑ ይባረራል፣ እማዬ ትሰማለች፣ ዌስተን ይሰማል፣ ኢቶቢኮ ይሰማል። ዘጋሁት።

ከልምምድ በኋላ ግሬስ ጠየቀችው። «እህቴ ቀልደኛ ናት» አላት። ጀላል ነው የነገረኝ። አመነችው። እኔም ብሆን አምነው ነበር።

ኦክቶበር 24፣ ዓርብ ማታ

መተኛት አልቻልኩም።

ዛሬ ማታ ደጋፊው በሙሉ ሕንፃችን በር ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ኤልፍነሽ ለሰው ሁሉ ሻርፕ ሠርተዋል። የብላክ ክሪክ ቀለም ሰማያዊ ነው፤ ክሩ ስላለቀባቸው ግማሹ ሐምራዊ ነው። የጀላል እናት እትዬ ዙሀራ ሳምቡሳ ይዘው ወረዱ። ጋሼ ሰብስቤ ድንጋዩን መኪናቸው ኮፈን ላይ አስቀምጠው ንግግር አደረጉ። ከልጆቹ ትንሿ፣ ገና ጥርስ የምትቀይር፣ መፈክሬን መራች። ታዴዎስ ሲነሣ ሜዳው ነው የሚያንሰው። መፈክሩ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ታዲ ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። መጋረጃው ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ሰቅሏል። እንዲወርድና እጁን እንዲያውለበልብላቸው ላኩኝ። ሊነሣ ሞከረ፤ አልጋውን ይዞ ተመልሶ ተቀመጠ። ዳግመኛም።

«ትንሽ ቆይቼ» አለ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሕፃን ሳለሁ ከትምህርት ቤት ትከሻው ላይ አድርጎ ያመጣኝ ነበር፤ ኤግሊንተን ዌስት የሚባለው መንገድ ያኔም ተቆፍሮ ነበር፣ በጉድጓዶቹ ላይ እየዘለለ። «አስታወስክ?» አልኩት። «አዎ» አለ። ግን ሰው የጠየቀውን ነገር ሳይሰማ አዎ እንደሚል ነው ያለው።

«ታዲ፣ ነገ አትጫወት።»

«የመጨረሻ ዓመቴ ነው። ሁሉም እኮ...» በእጁ ወደ ታች፣ ወደ ጩኸቱ አመለከተ። ከዚያ ቆይቶ ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ነገ ከማን ጋር ነው?»

ቀልድ መሆኑን ፊቱ ላይ ፈለግሁ። ጨለማ ነው። አይታይም።

«ከግሬንጅ ሂል» አልኩት።

«እሺ» አለ። «ግሬንጅ ሂል።» እንደ ስልክ ቁጥር ለብቻው ደጋገመው።

እኔ አዋቂዎች ላይ ስስቅ የኖርኩት አንድ ነገር ሲመጣ እነሱ ያውቁበታል ብዬ ነው።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

የምጽፈው ከምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በማድረቂያው ማሽንና በግድግዳው መካከል ተወትፌያለሁ። የማን እንደሆነ የማላውቀው ፎጣ እየተሽከረከረ ነው። ሄልሜቱ ጭኔ ላይ ነው።

ኮሌጁ ትንሽ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ዕቃቸውን ራሳቸው ናቸው የሚያመላልሱት። ታዲ ሻወር ሲገባ ከቦርሳው አወጣሁት። ያለ ሄልሜት ማንም አያስገባውም። ሌላ ሄልሜት በልኩ የላቸውም፤ የታዲ ጭንቅላት ትልቅ ነው፣ ዕድሜ ልኬን ቀልጄበታለሁ። ውስጡ ላብ ላብ ይላል። ግንባሩ ጋ ስፖንጁ ተሰንጥቋል።

ለግሬስ ቴክስት ጽፌያለሁ። ያንን አንዱን ዓረፍተ ነገር። እናቴ አይደለችም፣ እኔ ነኝ፣ ታዲ ታሟል፣ እባክሽ። ላክሁት፣ አልሄደም። እዚህ ታች ኔትዎርክ የለም። ከወጣሁ ይሄዳል። ከወጣሁ ግን ሄልሜቱን ይወስዱብኛል።

የትምህርት ቤት ባስ ተከራይተዋል፤ ውጪ ጡሩምባ ሲነፉ ይሰማል። ጋሼ ሰብስቤ ሰው እየቆጠሩ ነው። «ጸዮን የት ሄደች? መፈክሩን ማን ሊመራ ነው?» ሲሉ በአየር ማስገቢያው ሰማሁ። እትዬ ኤልፍነሽ ያለቅሳሉ መሰለኝ።

ደረጃው ላይ እግር።

ሁለት ሰው ነው። አንደኛው እየተደገፈ ነው የሚወርደው፣ እጁ ግድግዳውን ሲዳብስ ይሰማል።

«ሜሮን!»

ታዲ ነው።

«ሜሮን! ሄልሜቴን ስጪኝ! ሜሮን!»

«ማንን ነው የምትጠራው?» እማዬ ናት። ትስቃለች። ትንሽ ትስቃለች።

«እህቴን።»

«ሜሮን እኮ ካልጋሪ ናት።»

«አይ፣ ያቺን... ትንሿን።»

ማድረቂያው ቆመ። አሁን እስትንፋሴም የሚሰማ ይመስለኛል፣ እስክሪብቶውም።

«ታዴዎስ» አለች እማዬ። አሁን አትስቅም። «የእህትህን ስም ንገረኝ።»

ምንም።

«ስሟን ንገረኝ፣ ልጄ። የእህትህን ስም።»

ሲያስብ ይሰማኛል። ጺ በል። ጺ ብቻ በል፣ ወጥቼ እሰጥሃለሁ። አይ፣ አልሰጥህም። ግን በል።

ከውጪ ጋሼ ሰብስቤ እማዬን፦ «ሰሎሜ! ሰሎሜ ኧረ ቶሎ በሉ! ባሱ ሊሄድ ነው!»

እማዬ አልመለሰችላቸውም። አንድ ሰው ደረጃው ላይ ሲቀመጥ ተሰማ፤ ከባድ ነው፣ እሱ ነው። የእሷ ጫማ ወደ በሩ መጣ። የበሩ እጀታ ዞረ። እግሯ ይታየኛል፣ የቤት ጫማዋን ነው ያደረገችው። ማሽኑ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጎንበስ ብላ አየችኝ፣ ሄልሜቱንም አየችው። እጇን አልዘረጋችም። በስለት ጊዜ ባልሰማሁት፣ በጸሎት ጊዜም ባልሰማሁት ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣

«ጸዮን።»